የተተከለ ኩላሊትን በደምና በሽንት ምርመራ መከታተል፦ በሰሜን ሸዋ ለሚኖሩ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ኩላሊት ተተክሎላቸው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ለተመለሱ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። ብዙዎቹ ምርመራውን አያቋርጡም፤ ገንዘብ ከፍለው፣ ሌሊት ተነሥተው፣ ረጅም መንገድ ተጉዘው ይመረመራሉ። ችግሩ ይዘውት የሚመጡት ቁጥር ለሐኪሙ የማይነበብ መሆኑ ነው፤ ክኒኑ ደም ከመሰጠቱ በፊት ተውጧል፣ ላቦራቶሪው በየጊዜው ተቀያይሯል፣ ያለፈው ወረቀት ጠፍቷል።

ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት መግፋት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማም። ሽንት እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ምግብ ይበላል፣ ሥራም ይሠራል። ለውጡን ቀድሞ የሚናገረው በደምና በሽንት ውስጥ የሚገኝ ጠቋሚ፣ ሐኪሞች ባዮማርከር የሚሉት ነው። ጠቋሚው ግን የሚናገረው በትክክለኛው ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ ተለክቶ ከራስዎ ካለፈው ቁጥር ጋር ሲተያይ ብቻ ነው።

የመድኃኒት መጠን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የንቅለ ተከላ ሐኪምዎ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች መቼ ስልክ መደወል እንዳለብዎ ያሳውቁዎታል እንጂ በራስዎ መድኃኒት እንዲያስተካክሉ የተጻፉ አይደሉም።

ደረጃ 1፦ የራስዎን መነሻ ቁጥር ይወቁ

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ሲሆን ጤነኛ ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወግደዋል፤ የኩላሊቱ ጉልበት ሲደክም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበሩት ወራት የረጋውን፣ ማለትም በተከታታይ ሦስት ወይም አራት ምርመራ ብዙም ሳይወጣና ሳይወርድ የቆየውን ቁጥር ሐኪምዎን ጠይቀው ያስጽፉ። መነሻዎ ይህ ነው።

የላቦራቶሪው ወረቀት ጎን ላይ የታተመው «ጤናማ መጠን» መነሻዎ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሁለት ምሳሌ ልስጥ። መነሻዋ 0.9 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ሴት በቀጣዩ ምርመራ 1.2 ቢመጣላት ወረቀቱ ምንም ምልክት ላያደርግበት ይችላል፤ እርሷ ግን ከመነሻዋ በ33 በመቶ ጨምራለችና በዚያው ቀን መደወል አለባት። መነሻው 1.7 የሆነና ለሁለት ዓመት ከዚያ ያልተነቃነቀ ሰው ደግሞ በየወሩ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ኩላሊቱ ግን ባለበት ጸንቷል።

ደረጃ 2፦ አንድ ደብተርና አንድ ላቦራቶሪ ይያዙ

ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይግዙና ለዚህ ሥራ ብቻ ያውሉት። በእያንዳንዱ ምርመራ የሚከተሉትን ይጻፉ፦ ቀኑን፣ የመጨረሻውን ክኒን የዋጡበትን ሰዓት፣ ደም የሰጡበትን ሰዓት፣ ክሪያቲኒኑን ከነመለኪያው፣ በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ (ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚከላከለው መድኃኒት) መጠን፣ የሽንት ፕሮቲኑን፣ የደም ግፊትዎን፣ ክብደትዎን፣ በዚያ ሳምንት የወሰዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ላቦራቶሪዎች በአብዛኛው በፈረንጆች አቆጣጠር ያትማሉ፤ እኛ ደግሞ «ኅዳር 12» ብለን እናስታውሳለን። «ኅዳር 12 (ኖቬምበር 21)» ብሎ መጻፍ ጥቂት ሰከንድ የሚፈጅ ሲሆን የወረቀቶቹ ቅደም ተከተል እንዳይዘበራረቅ ያደርጋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «8 ሰዓት» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ከቀኑ ይሁን በፈረንጆች የጧት አቆጣጠር ሌላው አያውቅለትም፤ «ከጧቱ 2 ሰዓት» ብለው ሙሉውን ይጻፉ።

ላቦራቶሪ አይቀያይሩ። ክሪያቲኒን የሚለካበት ስልት ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ከደብረ ብርሃን አንዱ ቤት 1.2 ያለው ደም በሌላው ቤት 1.35 ሊባል ይችላል፤ በኩላሊቱ ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም። የግድ መቀየር ካለብዎ «ላቦራቶሪ ተቀይሯል» ብለው በደብተሩ ላይ ያስፍሩ።

*ቁጥሩ በድንገት መቶ ምናምን ሆኖ ቢመጣ፦* አይደንግጡ፣ መጀመሪያ መለኪያውን ይመልከቱ። አንዳንድ ላቦራቶሪ በማይክሮሞል በሊትር ይጽፋል። ያንን ለ88.4 ሲያካፍሉት ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ይመለሳል፤ 106 የሚለው ቁጥር 1.2 ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ የምርመራ ሰሌዳውን ይከተሉ

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ ክሪያቲኒን ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ እስከ መጀመሪያው ወር መጨረሻ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በ2ኛውና በ3ኛው ወር በየሳምንቱ፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ወር በየወሩ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ወሩ እንዲለካ ይመክራል። የሽንት ፕሮቲን በመጀመሪያው ወር ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታያል። የእርስዎ ሐኪም ከዚህ የተለየ ሰሌዳ ከሰጠዎ የእርሱን ይከተሉ።

ክሪያቲኒንና ሽንት እዚሁ ደብረ ብርሃን ሊሠሩ ይችላሉ። የታክሮሊመስ መጠን ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ የሚያስኬድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ለማሠራት ሲባል ክሪያቲኒኑን አያዘግዩ። መንገድ በተለያየ ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል ቢያንስ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ መድኃኒት በቤትዎ ይኑር፤ የሐኪሙም ስልክ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።

ደረጃ 4፦ ከምርመራው በፊት ያሉትን ሦስት ቀናት ያስተካክሉ

1. ውኃ በበቂ ይጠጡ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት የዋለ ሰው ሳይታወቀው ውኃ ያልቅበታል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ጥማት ስለማይሰማ ሰው መጠጣቱን ይረሳል። በሁለቱም በኩል ክሪያቲኒኑ ከፍ ብሎ ይመጣል።

2. ከምርመራው በፊት ባለው ምሽት ሥጋ አይብሉ። የበሰለ ሥጋ ለተወሰኑ ሰዓታት ክሪያቲኒንን ያንራል። ሁለት ወር ገደማ ጾመው በፋሲካ ማግስት የሚመረመሩ ሰዎች በየዓመቱ የሚደነግጡት በዚህ ነው። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ከቁጥሩ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የበሽታ መከላከል አቅሙን በመድኃኒት ላዳከመ ሰው የኢንፌክሽን በር ስለሆነ በበዓልም በሠርግም ይቅር።

3. ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይውሰዱ። እነዚህ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙ ናቸው፤ የተተከለን ኩላሊት ግን ይጎዳሉ።

4. ኮሶ፣ እንቆቆ፣ ሌላም የባህል መድኃኒት አይጠጡ። መጠናቸው ያልተለካ ስለሆነ ቁጥሩ ቢዛባ ምክንያቱን መለየት አይቻልም።

5. ከከባድ ሸክምና ከአጨዳ ሥራ ይረፉ፤ ብርቱ ድካም የሽንት ፕሮቲንን ለጊዜው ይጨምራል።

ጾምን በተመለከተ፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ወይም ክኒኑን ከቅዳሴ በኋላ መዋጥ ለተተከለ ኩላሊት አደጋ አለው። የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ በረመዳን የሚጾሙም ከሐኪማቸውና ከሃይማኖት አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። ጠበል የሚጠመቁ ሰዎች መድኃኒታቸውን እንዲያቋርጡ የሚመክራቸው ሰው ቢኖር አይስሙ።

ደረጃ 5፦ የታክሮሊመስ ደም በትክክለኛው ሰዓት ይስጡ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ደረጃ ስለሆነ ነው። ታክሮሊመስ ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚከላከል ዋና መድኃኒት ነው። መጠኑ ሲያንስ መገፋት ይመጣል፣ ሲበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይመርዛል። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ቀጣዩ ክኒን ከመዋጡ በፊት በደም ውስጥ የቀረውን ዝቅተኛ መጠን ነው፤ ይህም ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት በኋላ የሚገኘው ነው። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠው ዓይነት ከሆነ 24 ሰዓት ይጠበቃል።

ወንድሜ ኩላሊት በተተከለለት በአምስተኛው ወር ከደብረ ብርሃን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በሚኒባስ ተሳፈርን። መንገድ ላይ 12 ሰዓት ሲሆን የስልኩ ደወል ጮኸ፤ እንደ ልማዱ በጨለማው ውስጥ ክኒኑን አውጥቶ በውኃ ዋጠው። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ጠርሙሱን ያቀበልኩት ራሴ ነኝ። ደሙ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ተቀዳ። ውጤቱ 18 ናኖግራም በሚሊሊትር ሆኖ መጣ፤ ከዚያ በፊት የነበረው 8 ነበር። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ብዕሩን ካነሣ በኋላ «ክኒኑን መቼ ዋጥኸው?» ብሎ ጠየቀ። ያን ባይጠይቅ ኖሮ ትክክል የነበረው መድኃኒት ይቀነስ ነበር፣ ኩላሊቱም ያለ ጥበቃ ይቀር ነበር። አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት አድረን በትክክለኛው ሰዓት ሲለካ 7.6 ሆነ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦

1. የክኒን ሰዓትዎ ከጉዞዎ ጋር እንዲስማማ ከሐኪምዎ ጋር ለዘለቄታው ይወስኑ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ ከጧቱ 3 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚውጥ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ሊደርስ ይችላል፤ 12 ሰዓት ላይ የሚውጥ ግን አይደርስም። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሸዋ ሮቢት የሚመጡ ከሆነ ዋዜማውን አዲስ አበባ ይደሩ።

2. በዋዜማው ምሽት ክኒኑን በሰዓቱ ውጠው ሰዓቱን ወዲያው ይጻፉ።

3. በምርመራው ሌሊት የስልክዎን የክኒን ደወል ያጥፉና በምትኩ «ከደም በኋላ» የሚል ማስታወሻ ያስቀምጡ።

4. የጧቱን ክኒን በኪስዎ ይያዙ እንጂ አይዋጡ። ሌሎቹን መድኃኒቶች ስለመዋጥ አስቀድመው ይጠይቁ።

5. ደም ቀጂውን «የታክሮሊመስ ነው» ይበሉት። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ሙሉ ደም ስለሆነ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው።

6. ደሙ እንደተቀዳ ሰዓቱን ይጻፉ፣ ወዲያውኑም ክኒኑን ይዋጡ። ወረፋ አለቀ ብለው ምሳ ድረስ አያቆዩት።

*ተሳስተው ክኒኑን ቀድመው ከዋጡ፦* ደሙን አይስጡ። ለሐኪምዎ ደውለው ለሌላ ቀን ያስቀይሩ። ደሙ ከተሰጠ በኋላ ትዝ ካለዎም ደብቀው አይለፉት፤ በወረቀቱ ላይ «ከክኒን በኋላ የተቀዳ» ተብሎ ይጻፍ።

*መኪና ተበላሽቶ ወይም ወረፋ በዝቶ 12 ሰዓቱ ካለፈ፦* እስከ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ደሙን ሰጥተው ትክክለኛውን ሰዓት ያስጽፉ። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ክኒንዎን ሳይውጡ ከመዋልዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

*ክኒን ከረሱ፦* በቀጣዩ ሰዓት ሁለቱን ደርበው አይዋጡ። ደውለው ይጠይቁ፤ የረሱበትንም ቀን ይጻፉ።

የታለመው መጠን እንደ ሰውየውና እንደ ጊዜው ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍ ይላል፣ ለምሳሌ ከ8 እስከ 12፤ ከዓመት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 አካባቢ ይደረጋል። የእርስዎን ጠይቀው በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉ።

ሌሎች መድኃኒቶች ይህን ቁጥር በኃይል ያናውጡታል። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞልና ዲልቲያዜም ከፍ ያደርጉታል፤ ግሬፕ ፍሩትም እንዲሁ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ አብዝቶ ያወርደዋል፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም ያወርዱታል። በጤና ጣቢያም ሆነ በመድኃኒት ቤት፣ ከምንም ነገር በፊት «ኩላሊት ተተክሎልኛል፣ ታክሮሊመስ እወስዳለሁ» ይበሉ። ተቅማጥ ሲይዝዎም ይደውሉ፤ ሰው መድኃኒቱ አብሮ የወጣ ይመስለዋል፣ ነገር ግን በተቅማጥ ጊዜ የታክሮሊመስ መጠን ብዙውን ጊዜ ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ ሽንቱን በትክክል ይያዙ

ከእንቅልፍ እንደተነሡ የሚሸኑትን የመጀመሪያውን ሽንት ይያዙ። አካባቢውን ይታጠቡ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ያሳልፉ፣ መካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉ። ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ባይሰጡ ይመረጣል። ትኩሳት ያለበት ሰውም ውጤቱ ሊዛባበት ይችላል።

በወረቀት ጠቋሚ የሚታየው የመደመር ምልክት ሽንቱ ሲወፍርና ሲቀጥን ስለሚለዋወጥ ለክትትል አይበቃም። የፕሮቲንና የክሪያቲኒን ንጽጽር እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። ከ0.2 ግራም በግራም በታች መልካም ነው፤ በተደጋጋሚ ከ0.5 በላይ ሲሆን ወይም ከመነሻዎ ሲጨምር ያሳውቁ። ነጭ የደም ሴል ወይም ባክቴሪያ ከታየ በቅድሚያ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኑ መታከም አለበት።

ደረጃ 7፦ ክሪያቲኒን ሲጨምር የሚከተሉት ቅደም ተከተል

ከመነሻው በ25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ መነሻው 1.2 ለሆነ ሰው 1.5 ሲደርስ ማለት ነው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ይደውሉ። ከዚያ ያነሰ ሆኖ በሦስት ተከታታይ ምርመራ ጥቂት ጥቂት እየወጣ ከሄደም ይደውሉ፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ መገፋት በዚህ መልክ ነው የሚታየው።

ሲደውሉ ደብተሩን ከፊትዎ አድርገው በዚህ ተራ ይንገሩ፦ መነሻዬ ይህ ነበር፣ ዛሬ ይህ ሆነ፣ የታክሮሊመስ መጠኔ በዚህ ቀን ይህን ያህል ነበር፣ ክኒን ረስቻለሁ ወይም አልረሳሁም፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ነበረኝ ወይም አልነበረኝም፣ አዲስ የወሰድኩት መድኃኒት ይህ ነው፣ ሽንቴ ቀንሷል ወይም አልቀነሰም።

ሐኪሙ ምክንያቱን የሚፈልገው ከቀላሉ ተነሥቶ ነው። የውኃ ማነስ፣ የታክሮሊመስ መብዛት፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ በአልትራሳውንድ የሚታይ የሽንት መውጫ መዘጋት፣ ቢኬ የተባለ ቫይረስ፣ ከዚያም መገፋት ይታያሉ። ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞልም ኩላሊቱ ሳይጎዳ ክሪያቲኒኑን ጥቂት ሊያንር ይችላል። ቢኬ ቫይረስንና መገፋትን መለየት የሞት ሽረት ያህል ነገር ነው፤ ለመገፋት መድኃኒት ይጨመራል፣ ለቢኬ ግን ይቀነሳል። ስለዚህ «ባለፈው ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ጨምረውልኝ ዳነ» ብለው በቤትዎ ያለውን አይጨምሩ።

ከምርመራ በፊት ጉዞ የሚጀመርባቸው ምልክቶችም አሉ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ በተተከለው ኩላሊት ላይ ሕመም ወይም እብጠት፣ የሽንት በግልጽ መቀነስ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የክብደት መጨመርና የእግር ማበጥ፣ ቀድሞ የተስተካከለ የደም ግፊት በድንገት መውጣት። እነዚህን ሲያዩ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱና ከዚያ ሆነው የንቅለ ተከላ ሐኪምዎን ያገናኙ።

ደረጃ 8፦ አዳዲሶቹን ባዮማርከሮች በቦታቸው ይጠቀሙ

ክሪያቲኒን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ዘግይቶ የሚነሣ መሆኑ ትልቅ ድክመቱ ነው። ስለዚህ ቀደም ብለው የሚያሳዩ ምርመራዎች እየተጨመሩ ነው።

የመጀመሪያው በሰጪው ላይ ያነጣጠረ አንቲቦዲ ነው። ሰውነት የሰጪውን የሕዋስ ምልክት ለይቶ የሚያጠቃበት መሣሪያ ሲሆን፣ በተለይ ክኒን ያቆራረጡ ሰዎች ላይ ከጊዜ በኋላ አዲስ ሆኖ ይፈጠራል። ለዚህ ምርመራ የሰጪው የቲሹ ዓይነት ውጤት ስለሚያስፈልግ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሠራውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ደብተሩ ውስጥ ያኑሩ። ከጠፋ የማግኘቱ ድካም ብዙ ነው።

ሁለተኛው ከሰጪው ኩላሊት የሚፈስ ነጻ ዲኤንኤ ነው። የተተከለው ኩላሊት ሴሎች ሲጎዱ ዲኤንኤያቸው ወደ ተቀባዩ ደም ይፈስሳል፤ ምርመራው ከጠቅላላው ነጻ ዲኤንኤ ውስጥ የሰጪው ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 1 በመቶ እንደ መለያ ወሰን ተወስዷል። በአብዛኛው የሚሠራው በውጭ አገር ስለሆነ የሚመለከተው ይበልጥ እዚያ ክትትል ያላቸውን ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ባዮፕሲ (ከኩላሊቱ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና) በተወሰደ ማግስት፣ በእርግዝና ጊዜ ወይም የሌላ ሰው ደም ከተሰጠዎ በኋላ ቢሠራ ሊያሳስት ይችላል፤ ሰጪው የሥጋ ዘመድ ከሆነም በቅጹ ላይ ይጻፍ። ከፍ ማለቱ ኩላሊቱ መጎዳቱን እንጂ የጉዳቱን ምክንያት አይናገርም።

ሦስተኛው በሽንት የሚለካው ሲኤክስሲኤል 10 የተባለ የብግነት ጠቋሚ ነው። እርሱም በመገፋት ጊዜ ይጨምራል፤ በሽንት ኢንፌክሽንና በቢኬ ቫይረስም እንዲሁ ስለሚጨምር እነዚህ ሳይጣሩ አይተረጎምም።

ገንዘብዎ የተወሰነ ከሆነ፣ ምርጫዬን በግልጽ ልናገር፣ በትክክለኛው ሰዓት የተቀዳ የታክሮሊመስ ደምና በአንድ ላቦራቶሪ በየጊዜው የተለካ ክሪያቲኒን አንድ ጊዜ ብቻ ከሚሠራ ውድ ምርመራ ይበልጣሉ።

ደረጃ 9፦ ባዮፕሲ ሲታዘዝ

መገፋቱን የሚያረጋግጠውና ዓይነቱን የሚለየው ከኩላሊቱ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። ጠቋሚዎቹ መቼ እንደሚያስፈልግ ያመለክታሉ እንጂ አይተኩትም። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ አስቀድመው ይናገሩና መቼ እንደሚያቆሙት ሐኪሙ ይወስን። የደም ግፊትዎ ከፍ ካለ የመድማት አደጋው ስለሚጨምር የግፊት መድኃኒትዎን አይዝለሉ። ከተወሰደ በኋላ ለሰዓታት ጀርባዎን አስደግፈው ይተኛሉ። በዚያው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን አይመለሱ፤ ሆስፒታሉ አጠገብ ይደሩ፣ ሽንትዎ ደም ከመሰለ ወይም የረጋ ደም ካለበት ወዲያውኑ ይመለሱ።

መገፋት ከተረጋገጠ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በደም ሥር በሚሰጥ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ይጀመራል። ከዚያ በኋላ የምርመራ ቀጠሮዎቹ እንደገና ይቀራረባሉ፤ የቢኬ ቫይረስ ምርመራም ይደገማል። ክሪያቲኒኑ ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። ከሕክምናው በኋላ የሚረጋበትን ቁጥር ሐኪሙን ጠይቀው በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ «አዲስ መነሻ» ብለው ከነቀኑ ይጻፉ፤ የቀድሞውንም ሳይሰርዙ ከጎኑ ያኑሩት።